ጋሽ እሸቴ ያረሙት ጥያቄ

የሺዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? የምጽፍልሽ ከፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ የእድር አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። የዛሬው ሥልጠና እድሮች በትዳር ውስጥ ያለን ድብደባ እንዴት ቀድመው መከላከል እንደሚችሉ ነበር። በልምምዱ ላይ የተደበደበችውን ሚስት ሆኜ ቀረብኩ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ እሸቴ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኑና፣ «ምን ብታደርጊው ነው የመታሽ?» አሉኝ። ልምምድ መሆኑን ረሳሁት፤ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው» አሉ። ከዚያ የተደበደበች ሴት ባሏ በሌለበት ለብቻዋ እንድትጠየቅ፣ የመጀመሪያውም ጥያቄ «ቤትሽ መመለስ ትፈሪያለሽ?» እንዲሆን በገዛ እጃቸው የእድሩ መዝገብ ላይ ጻፉ። ደሴም ያሉት ሽማግሌዎቻችን የሚጀምሩት ከዚያው ከድሮው ጥያቄ ነውና ግልባጩን ይዤላቸው እመጣለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ የቢሮውን ሥራ ስለሸፈንሽልኝም እግዜር ይስጥልኝ። ያኔ እኔን ሁሉም ባሌን ምን አድርጌው እንደመታኝ ሲጠይቀኝ፣ ቤትሽ መመለስ ትፈሪያለሽ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ዳናይት