ምንጣፉን በግማሽ አነሣሁት

ለዓይኔ ብሌን፣ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጅሽ ይድረስ። እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የኦክላንድ ብርድ የጉልበትሽን ሕመም እንዳያነሣብሽ እሰጋለሁ። እናታችን ደህና ናት፤ «ሳምልኝ» ብላለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ለማለት ጥቂት ይቀረኛል። ፊደሌ ከመስመር እየወጣ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው እንዳላስጽፍ ነገሩ የኛ ነው።

ስለ መምህር አፔራሞ የተሠራው ፊልም እናንተ ዘንድ ብዙ ሳምንት እንደታየ ሰምቻለሁ። አንቺ አላየሽውም ብዬ አምናለሁ። የኦክላንዱ ጋዜጣ «ልብ ያሞቃል» አለ። የሲድኒው «ስኳሩ በዛ እንጂ ሽማግሌው ይወደዳል» ብሎ ጻፈ። እዚህ አፒያ ሲደርስ ፓስተራችን ስብከቱን አቋርጦ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ» ብሎ አዘዘ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ አየ። የኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ደግሞ «አንተ ተማሪው ነበርክ፤ የሚጣፍጥ ነገር ጻፍልን» አለኝ።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። መምህሩ በጥፊ ሲላት ሁለት ጊዜ ተሽከርክራ ትወድቃለች፤ ጥፊው ላይ የከበሮ ድምፅ ተጨምሮበታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ባናገራት ቁጥር ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፤ ዘንበል ባለች ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «ወይኔ ሆዴን፣ ሆዴን!» እያለች ትከሻዬን ትደበድበኝ ነበር። እውነተኛው ጥፊ ከበሮ አይመስልም። እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነው የሚመስለው። ልጅቷን አዝሎ በባሕሩ ዳር በኩል ቤት ያደረሳት ወንድሟ፣ በአንገቱ የወረደው የጆሮዋ ደም፣ ፊልሙ ውስጥ የሉም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፊልሙ ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። መምህሩ ከመንደራችን ነርስና ፓስተር ያወጡ፣ ይህን የሚጽፈውን እጅ ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ነገር ግን ዱላው ባረፈ ቁጥር ካሜራው የሚዞረው ወደ መምህሩ ፊት ነው። የተመታው ልጅ ፊት አንድ ጊዜም አይታይም።» የማንንም ስም አልጠራሁም።

ጽሑፉ በወጣ ማግስት የመምህሩ የልጅ ልጆች ገበያው አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኙኝ። ትልቁ «ደራሲው! አያታችንን አዋረድክልን አይደል?» አለና ገጹን ጠቅልሎ አፌ ውስጥ ጎሰጎሰው። «ዋጠው፤ የቤት ሥራህ ነው!» በቡጢ ሲደግመኝ ወረቀቱና የፊት ጥርሴ አብረው ወደ ጉሮሮዬ ገቡ። ወደቅሁ። ጎድኔን ረገጡኝ። ታናሹ በፊልሙ መምህር ድምፅ «እጅህን ዘርጋ፣ የኔ ሊቅ!» ሲል አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ፤ ትዕይንቱን ያውቁታል እኮ። አንዲት ጎደሬ ሻጭ «አሁን ደግሞ ራሱን ዘንበል ያደርጋል!» ብላ ጮኸች። ታናሹ ቀኝ እጄን በተረከዙ ወቀጠው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ሳቁ ያኔ ቆመ።

ታናሻችንን ላፋኤለን ታውቂዋለሽ። ገጀራውን ይዞ ደጃቸው ድረስ ሄደና የአሳማዎቻቸውን አንገት አንድ በአንድ ቀላ። እስከ ጉልበቱ ደም ለብሶ «ቀጥሎ ባለ ሁለት እግሮቹ ናቸው!» ብሎ ፎከረ። በምላሹ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ዘነበ፤ እናታችንን ጠረጴዛ ሥር አስገብተን ከላይዋ ተጋደምንባት።

ጎህ ሲቀድ መምህሩ መጣ። የቤተሰቡን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ «ከፈለጋችሁ ጠብሳችሁ ብሉን» የሚለውን ማገዶና ድንጋይ አስይዞ፣ ደጃችን ጠጠር ላይ ተቀመጠና ትልቁን የክብር ምንጣፍ ተከናነበ። ሥርዓቱን አንቺም አትረሺውም። ምንጣፉን ካነሣንለት ደም ደረቀ፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለ በደል ሁሉ፣ የቆየውም ጭምር፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወራው ነውረኛ ነው። ካላነሣንለት ግን ላፋኤለ ገጀራውን ይዞ ራስጌው ቆሟል፤ ማንም ለምን አይለውም።

አጎታችን «አንሣለት እንጂ! ፀሐይዋ ልትገድለው ነው» ይለኛል። ላፋኤለ «እኔ እያለሁ ፀሐይዋ ለምን ትልፋ?» ይላል። እኔን የያዘኝ ያ የቆየው ነው። ሳልጠይቅሽ በማን አንደበት ልዝጋው?

ሄጄ ምንጣፉ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «መምህር፣ ስለ ምን መጡ?» አልኩት በዝግታ። «ስለ ጥርስህና ስለ እጅህ» አለ ከውስጥ። «ስለዚህ ብቻ?» አልኩ። ትንፋሹ ምንጣፉን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው አያለሁ። «ስሟን ለምን አልጻፍከውም? ፈርተህ ነው?» አለኝ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለን። «የሷ ስለሆነ ነው» አልኩት። «ትክክል» አለ። ቀጥሎም «ልጆቹን ዱላ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እሷ ዘንድ የምደርስበት እግር ግን የለኝም» አለ።

ተነሣሁና ምንጣፉን በግራ እጄ ገፈፍኩት። ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ «ይህ ለኔ ጥርስና ለኔ እጅ ነው። ሌላውን የማነሣው እኔ አይደለሁም» አልኩ። አጎታችን «ግማሽ ይቅርታ የት አይተሃል? አሳፈርከን!» ብሎ ምራቁን ተፋ። ላፋኤለ ገጀራውን አነሣ። መምህሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀው። ገጀራው ከትከሻው ጎን መሬት ውስጥ ተሰካ፤ የተፈናጠረው ጠጠር ግንባሩን ፈለጠው። ደሙን አልጠረገውም።

ወገኖቹ በግድ ተሸክመው ወሰዱት። በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ጠጠር ላይ፣ ያለ ምንጣፍ፣ ባዶ ራሱን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። ላፋኤለ «አንተ ሽማግሌ፣ ደጃችን ላይ ሞተህ ልታስወቅሰን ነው?» እያለ ይሰድበዋል። ትናንት እየተሳደበ ኮኮናት ቆርጦ አስጠጣው።

ምንጣፉ የተበዳይ ነው፤ ስለዚህ እኛ ቤት አላነጠፍኩትም። በመርከብ ልኬልሻለሁ። አንጥፊው፤ መልሺው፤ ካሻሽም አቃጥዪው። ማንም አይፈርድብሽም። የሚፈርድ ካገኘሽ የላፋኤለን አድራሻ ስጪው።

አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጆችሽ ሁልጊዜ ፊት ለፊትሽ ቆመው ያናግሩሽ። እኛንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

መልስ የምትጽፊለት ከሆነ ፊደሉን ትልልቅ አድርጊው። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል፤ ማንም እንዲያነብለት ግን አይፈልግም።

የማይተውሽ ወንድምሽ