አራተኛ ፎቅ ተኝታ፣ ምድር ቤት «ቀሪ»

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ልጄ አራተኛ ፎቅ በገዛ አልጋችሁ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ምድር ቤት ያለው የደም ክሊኒካችሁ ሦስት ጊዜ «ቀሪ» ብሎ መዘገባት፤ በሦስተኛው መዝገቧን ዘጋው፤ መዝገቧ በተዘጋ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሞተች። በደሉ ይኸው ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ሥራ ስለሚበዛብዎት እስከ መጨረሻው ላያነቡኝ ይችላሉ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ደሜም ደህና ነው። ልጄ በታመመች ጊዜ እኔንም መርምራችሁ «አባባ፣ የእርስዎ ደም እንከን የለውም» ብላችሁኛልና፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ምንም የማላደርግበትን ጤና ስለመሰከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለእርስዎና ለልጆችዎም ይህንኑ የደም ጤና እመኛለሁ። ይህን ስል አላሾፍም።

መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ሊጠረዙ ከሚመጡልኝ መጻሕፍት ነው። ልጄ ግን አስተማሪ ነበረች፣ የሦስተኛ ክፍል። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ተማሪ ሳለች አንድ ቀን እንኳ እንድትቀር አልፈቅድላትም ነበር፤ ትኩሳት ይዟት እያለቀሰች ደብተሯን አስይዤ የላክኋት ቀን አለ። የስምንት ዓመት የውጤት ካርዶቿን በአንድ ላይ ጠርዤ አስቀምጫቸዋለሁ፤ «የቀረችበት ቀን» በሚለው ቦታ ሁሉ ላይ ዜሮ ተጽፏል። እመካበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር ነስር ጀመራት፤ አልቆም አለ። ሐኪሞቻችሁ መቅኔዋ ደም መሥራት እንዳቆመ ነገሩን፤ ከዚያ ወዲያ የኖረችው በሰው ደም ነው። ወንበር ገጭታ ካለፈች ጭኗ ይበልዛል፤ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፤ ትንሽ ካተኮሳት ሳትውል ሳታድር እናንተ ዘንድ መድረስ አለባት። በሽታዋ ቀጠሮ አያውቅም ነበርና በር አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት ቦርሳ ተዘጋጅታ ትቀመጣለች፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጠላ ጫማ፣ ያልታረሙ የተማሪ ደብተሮችና ቀይ እስክሪብቶ ይዛ። ክሊኒካችሁ ግን ቀጠሮ ያውቃል፤ በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ። እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ፤ ተራ እንደምትወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ድምፅ ማጉያችሁ ጥራት ምስጋና አቀርባለሁ። እሑድ ዕለት ትኩሳት ይዟት አራተኛ ፎቅ ተኛች። ማክሰኞ ጠዋት የምድር ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስሟን ሲጠራ በደረጃው በኩል ጥርት ብሎ ተሰማን። እሷም ከትራሷ ቀና ብላ እንደ ተማሪ እጇን አወጣችና «አለሁ» አለች፤ አጠገቧ የተኙት ሴቶች ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «አባዬ፣ ሮጥ ብለህ ንገራቸው እንጂ፣ ቀሪ ያደርጉኛል እኮ» አለችኝ። ሰማንያ ስምንት ደረጃ ወርጄ መስኮቱ ጋ ስደርስ ተጽፎ አልቋል። ላይ ተኝታለች ብዬ ብናገር፣ የመስኮቱ ጸሐፊ ትሕትና ባልጎደለው አንደበት «አባባ፣ ፎቁ ሌላ መዝገብ ነው፤ እዚህ ባለካርዷ ራሷ መቅረብ አለባት» አለኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የብዙ ሰው ደም ስለተቀበለች የተገኘው ሁሉ አይስማማትም ነበርና፣ የሚስማማት ዓይነት የተጻፈው በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት አራተኛ ፎቅ ደውሎ ያንን አስነብቧል። ሰኞ በስልክ «አዎ፣ የእሷ ደም እንዲህ ያለው ነው» ብሎ ያነበበው ክሊኒክ፣ ማክሰኞ የት እንዳለች አላውቅም አለ።

ሁለተኛ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ታማ እዚያው አራተኛ ፎቅ ተኝታ ነበርና፣ ብልጥ ልሁን ብዬ ስሟ ሳይጠራ ቀድሜ ወረድኩ። ከፎቁ ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ፎቁ ወረቀት የሚጽፈው ለእርስዎ ቢሮ እንጂ ለምድር ቤት እንዳልሆነ ነገሩኝ። የእርስዎ ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበር። ስብሰባው በሰላም እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚያ ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ መዝገቡን አየሁት። ጀርባውን ሳየው አወቅሁት፤ ስፌቱ የእጄ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታላችሁ ለክሊኒኩ ሕሙማን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሚሆን ሠላሳ መዝገብ ሲያስጠርዝ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ክሩን በሰም አሽቼ፣ በድርብ፣ አንድም ገጽ ተገንጥሎ እንዳይወጣ አድርጌ። «ቀሪ» የሚለው ያረፈበት ገጽ እንዳይወጣ አድርጌ።

ሦስተኛ፤ በሦስተኛው ጊዜ ልጄ ካልወረድኩ አለች። ከወደቀች ደሟ አይቆምም ብለው ነርሶቹ ከለከሏት፤ ልክ ነበሩ። እኔን ያስገረመኝ ማልቀሷ ነው። መርፌ ሲደጋገምባት፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ያላለቀሰች ልጅ ለአንዲት ቃል አለቀሰች። «እኔ እኮ ቀሪ ከመጻፌ በፊት አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ እጠይቃለሁ» አለችኝ፤ «የት ነው፣ ታሞ ነው ወይ፣ እላለሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይነግረኛል፣ አባዬ።» ከዚያ ከደብተር ላይ ቅጠል ቀድዳ በቀይ እስክሪብቶ «አለች፤ ታማለች፤ አራተኛ ፎቅ፣ አልጋ ስድስት» ብላ ጽፋ ፈረመችበት። ወረቀቷን ተቀበላችሁኝ፤ አልዋሽም። ተቀብላችሁ «ቀሪ» ከሚለው ጎን በስቴፕለር መታችኋት። ሦስት ቀሪ ያለበት መዝገብ በደንቡ መሠረት ተዘግቶ ወደ መጋዘን ይወርዳልና፣ እሷም አለሁ ከምትለው ወረቀቷ ጋር ወረደች።

አራተኛውን በአጭሩ። ተሽሏት ቤት ከገባን በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ድዷ ይደማ ጀመር፤ ቦርሳዋን ይዘን መጣን። ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ሐኪም የሚስማማትን ደም ለማወቅ መዝገቡን ጠየቀች። የተዘጋ መዝገብ በማመልከቻ ነው የሚወጣው ተባለች። ጻፈች። ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ተመለሰ። ራሷ ሮጣ ወረደች፤ የመጋዘኑ ሰው ለምሳ ወጥቶ ነበር። ላቦራቶሪው ከባዶ ልፈልግ ብሎ ጀመረ። ልጄ ጥጥ በአፏ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። በአፏ መናገር ስላልቻለች ደጋግማ ጣቷን ከፍ ታደርግ ነበር፣ ስሟ የተጠራ ይመስል። እኔ ደግሞ ጨካኝ አባት ነኝና «እጅሽን አውርጂ፣ አትድከሚ» ብዬ ተቆጣኋት። አወረደች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተች። መዝገቡ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ፤ አቧራው ተጠርጎ፣ በንጽሕና። ስለ ንጽሕናው አመሰግናለሁ። ያቺን ሐኪም ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ደብዳቤዬ እሷን የሚነካ እንዳይመስልዎ።

ከአርባ ቀን በኋላ ወደ እርስዎ የመጣሁት ካሳ ፍለጋ አልነበረም፤ ማንም እንዲቀጣ አልጠየቅሁም። ሦስቱ «ቀሪ» ተሰርዘው «ነበረች» ተብሎ እንዲጻፍ ብቻ ለመንኩ። ለምኜ አላውቅም፤ ለመንኩ። ቁጥርና ማኅተም ያለበት መልስዎ በሁለት ሳምንት ደረሰኝ፤ ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። «የመዝገብ እርማት የሚደረገው ባለካርዷ በአካል ቀርባ ስታመለክት ብቻ ስለሆነ ያቀረቡትን ጥያቄ መቀበል ያልቻልን መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሰዋስዉ እንከን የለውም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ እርማቱን ትቻለሁ። ቃሉን ግን እኔ ልውሰደው። ሄዳለች እንጂ አልቀረችም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰሃን የማጥብ፣ በር ላይ ያለችውን ቦርሳ ማንሳት ያቃተኝ፣ ያልታረሙትን ደብተሮች ለትምህርት ቤቱ መመለስ ያልሆነልኝ፣ ቀሪው እኔ ነኝ። በመዝገባችሁ የእኔን ስም ከፍታችሁ ቃሉን ወደዚያ ብታዛውሩት፣ ባለጉዳዩ በአካል ቀርቤ እፈርማለሁ።

እርስዎን፣ ቢሮዎንና ደንብዎን ረጅም ዕድሜ ያድልልኝ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

የመዝገባችሁን ጀርባ የሰፋው፣
የአልጋ ስድስት አባት

ማስታወሻ፦ ለመጪው ዓመት አርባ መዝገብ ለማስጠረዝ ሰው ልካችሁብኛል፤ ለእጄ ሥራ ስላላችሁ እምነት አመሰግናለሁ፤ አልጠርዝም። የጻፍኩትም የመጀመሪያዬና የመጨረሻዬ ነው። ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ነገር ለእናንተም፣ ለጎረቤትም፣ ለማንም አንዲት ቃል አልናገርም። ለማብራሪያ ብላችሁ ስሜን በድምፅ ማጉያችሁ ብታስጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ከጠራችሁ በኋላ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ ታውቃላችሁ።