የካንዴላው ካርቶን

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ፤ ክፉ አይንካሽ፣ የገባሽበት ቤት ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ ነበር።

ለአባትሽ መኪና ሞተር ማስነሻ የላክሻቸው አራት ካንዴላና አራት ኮይል በካርቶናቸው ደርሰዋል። የአባትሽን ዓይን ግን ሞራ ጋርዶታል፤ ባለፈው ወር ሲነዳ የጎረቤት ግንብ ደርምሶ ነው የቆመው። መኪናዋ ከተነሳች ሰው ይገድላል ብዬ አዲሶቹን ዱቄት ውስጥ ቀበርኳቸው። እሱ አልጥልም ብሎ ያስቀመጣቸውን አሮጌዎቹን በቤንዚን አጥቤ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ።

አባትሽ የጠራው መካኒክ ያንኑ ገጠመ። መኪናዋ ተርገፈገፈች፣ አስነጠሳት፣ ሞተሯ ጠፋ። አባትሽ አንዱን ካንዴላ አስፈትቶ በጣቱ ቢዳስሰው ጫፉ ተበልቷል።

"የልጄን ዕቃ ሸጠህ አሮጌ ታስርልኛለህ!" ብሎ በመፍቻው አፉን አለው። ሁለት ጥርሱ ሞተሩ ላይ ረገፈ። ሰውዬው ደም እየተፋ "በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ ከካርቶኑ ነው ያወጣሁት!" ሲለው ደገመው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ይኸው መካኒኩ መንጋጋው ታስሮ ተኝቷል። አባትሽ ደግሞ መፍቻውን ትራሱ ሥር አድርጎ "ሲድን እጨርሰዋለሁ" ይላል።

በሄድሽበት ይቅናሽ ልጄ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ደውዪና "ተታልዬ አሮጌ የላክሁት እኔ ነኝ" በዪው። አንቺ ሩቅ ነሽ፤ እጁ አይደርስብሽም።