ቅቤ የጠጣው ጉበን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአሉላ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሐኪም አያስፈልገኝም እያልክ ነው? አርያምስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ሚልዮንስ ጥርስ አበቀለ? እኛ ከካዛንቺስ ከተነሣን ወዲህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬ ኩርፊያ ብቻ አልለቅ አለ።

ቤታችን መፍረሱን ሰምተሃል። የጎተራው ኮንዶሚኒየም ንጹሕ ነው፤ እማዬ ግን የእመቤታችንን ሥዕል ከሻንጣ አላወጣም ብላለች። «ይኼ የእንግዳ ማረፊያ እንጂ ቤት አይደለም፤ ወግ ያለው የበር ጉበን እንኳ የለው» ትለኛለች። ግድግዳ ግድግዳ እያየች ስትውል አንጀቴን በላችው። ስለዚህ የድሮውን ጉበናችንን ፈልጌ ለሥዕሉ ማስቀመጫ ልሠራበት ቆረጥኩ።

አፍራሾቹ ለማገዶ ሸጠውት ኖሮ ቄራ አንድ እንጨት ሻጭ ዘንድ አገኘሁት። ያ አረንጓዴ ቀለማችን ባይኖር አላውቀውም ነበር። የምሠራበት የእንጨት ወርክሾፕ ባለቤት ጋሽ ሸምሰዲን አገላብጠው አዩትና «በቃ ባሕር ዛፍ ነው፤ ያውም የበሰበሰ» አሉኝ። ቀለሙን ስፍቀው እውነትም ጥቁርና ቀይ ዳማ መስመር፣ አንዳንድ ቦታም አረንጓዴ የሚመስል ተጋድሞበታል። ግን የበሰበሰ እንጨት ጥፍር ያስገባል፤ ይኼኛው ግን የመላጊያዬን ስለት አደነዘዘው። እልህ ያዘኝና ፍቅፋቂውን የሻይ ከሰላችን ላይ ጣል አደረግኩት። ጢሱ ሲሸታቸው ጋሽ ሸምሰዲን አፍንጫቸውን ቀና አድርገው «ይኼማ የእናቴ የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው! ወይራ ነው!» አሉ። መስመሩም ዛፉ ከአፈሩ የጠጣው ቀለም እንጂ ብስባሽ እንዳልሆነ ነገሩኝ። «ቀለም ብታስነኪው እኔና አንቺ አንተዋወቅም» አሉኝ።

ችግሩ ኮላ አልይዝ ማለቱ ነው። ያጣበቅኩት በነጋታው ይላቀቃል። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀለም ሳይነካው በፊት እማዬ በየእንቁጣጣሹ ጉበኑን ቅቤ ስትቀባ አልነበር? ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ መች ይይዛል! ስነግራቸው ጋሽ ሸምሰዲን «ለመሆኑ በር ነው ወይስ ክትፎ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። ከዚያው ከወይራው ችንካር ጠርቤ ያለ ኮላ አያያዝኩት። የመጀመሪያው ተሰነጠቀብኝ፤ ሁለተኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

ትናንት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። እማዬ መዳፏን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈችና አሸተተችው። ከዚያ ትታኝ ወጥ ቤት ገባች፤ የከፋት መስሎኝ ልቤ ተሰበረ። ቅቤ ይዛ ወጣች፣ አሉላ። ስንት የለፋሁበትን እንጨት ከዳር እስከ ዳር ቀባችው። ከዚያ «ሻንጣውን ክፈቺ» አለችኝ። አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

አርያምን በእኔ ስም ሳምልኝ። ሚልዮንን ጉንጩን ንከስልኝ። ጋሽ ሸምሰዲንም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ደግሞ «ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው በዪው፤ ሲመጣ እንዳይስተው» ብላለች።

እህትህ ሉሊ
ጎተራ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.