ከደስታው ሰልፍ ስለቀሩት ስለ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ማዳበሪያ

ግንቦት 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ያረጋል፣
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የደስታ ሰልፍ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከእጅዎ የማይለየው የድምፅ ማጉያ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ቅዳሜ የጨቋኙን አገዛዝ መውደቅ ሲያበስሩን ድምፅዎ ጥቂት ጎርነን ስላለብኝ ለጤናዎ ሰግቻለሁ። ዓምና በዚያው ሜዳ ለዚያው አገዛዝ ረጅም ዕድሜ ሲመኙለት እጅግ ጥርት ያለ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. የወደቀው አገዛዝ ጎረቤትን በጎረቤት ለማስጠበቅ የዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለደስታም እንዲያገለግል በማድረግዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ንብረት እንዳይባክን ያለዎትን ጥንቃቄ ያሳያል። የቡድን መሪያችን አቶ እጅጉ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ደጃፋችንን እያንኳኩ «ደስ ያላለው እንዳይኖር፣ ስም ይያዛል!» ሲሉን ወዲያውኑ ደስ ብሎን ወጥተናል።

2. ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሱቆች እስከ ስድስት ሰዓት ተዘግተዋል። የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሉባባ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፃ ወጣን፤ ሱቃችንንስ ስንት ሰዓት ላይ እንክፈት?» ብለው ጠይቀው ነበር። ኮሚቴው በጭብጨባው ምክንያት አልሰማቸው ይሆናል።

3. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ማርያም በሰልፉ ላይ አልተገኙም። አቶ እጅጉም በደብተራቸው ላይ በስማቸው ትይዩ «ለውጡን ያልተቀበለች» ብለው ጽፈዋል። የማዳበሪያው ዝርዝር ከዚሁ ደብተር ስለተገለበጠ፣ ሴትዮዋ ሰኞ ዕለት ከመጋዘኑ ባዶ አህያ እየነዱ ተመልሰዋል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስም ስጠራ የቀረ ተማሪ ካለ ለምን እንደቀረ እጠይቅ ነበር። እዚህ ግን የጠየቀ ስለሌለ ሳልጠየቅ ላስረዳ። የወደቀው አገዛዝ ሦስት ዓመት ያሰረው፣ ደረሰ የሚባለው ልጃቸው አገዛዙ በመውደቁ ተፈትቶ የመጣው በዚያው ቅዳሜ ነው። እናቱ አውቶቡሱ ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ መጠበቅ አቅቷቸው ደምበጫ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ተቀበሉት። አንገቱን አቅፈው ሲያለቅሱ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው ስም የሚይዝ ግን አልነበረም።

ይህንኑ ትናንት በቢሮዎ ሳስረዳ «ደስ ያላት ለመሆኗ ማስረጃ ያምጡ» ብለውኛል። ማስረጃው ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ይሆናል፤ እናቱ ደጅ ቆሞ ማዳበሪያ ይጠብቃል። ማኅተም ስለሌለው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

4. ማሳው አራት ጊዜ ታርሷል፤ ዝናቡም ገብቷል። በቆሎው በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ዓመቱ ለዚያ ቤት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የወይዘሮዋ ስም እስከ ዓርብ ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ፣ ካልሆነም «ልጇ በመፈታቱ አልተደሰተችም» የሚል ደብዳቤ በፊርማዎ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ።

ደስ ይበላችሁ በተባልን ቁጥር ደስ ከሚለን፣ ስማችንም በጥንቃቄ ከተያዘልን ነዋሪዎች አንዱ የሆንኩት፣ ትጉህ አጨብጫቢዎ
ቢሆነኝ ገነነ
ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ እጅጉ ደብተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳነብላቸው ወይዘሮ አስካለ ማርያም ይህ ቃላቸው እንዲጨመር አዝዘውኛል፦ «ሊቀ መንበሩ የወደቁ ለት ሰልፍ ካለ ቀኑ አስቀድሞ ይነገረኝ፤ ያን ለትስ ማንም ደጄን ሳያንኳኳ እወጣለሁ።»