ካፖርቶቹ የማን ናቸው?

ውድ ምራቴ፣

እንዴት ነሽ? የልብስ ስፌት መኪናሽስ ደህና ይሠራል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ግን ታውቂዋለሽ፤ እንኳን ዘንቦበት እንዲያውም ጤዛ ነው። ብርዱ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት የዶሮዎቹ ውሃ ከላይ በረዶ ሠርቶ በመጥረጊያ እንጨት ሰበርኩት። እነሱ ምን ተዳቸው! ላባቸውን ነፍተው ግቢውን ይንጎራደዱበታል። የጎረቤት ዶሮዎች እንቁላል ካቆሙ ሰነበቱ፤ የኛ ካፖርቶች ግን ትናንትም ጥለዋል።

ካፖርት የሚለውን ስም ያወጡላቸው አማቴ ናቸው፤ የላባቸውን ድርብርብ አይተው። ይህን ዘር እሳቸውም ከአማታቸው ነው የተቀበሉት። ሰውነቱ ከባድ፣ ጠባዩ ዝግ ያለ፣ ራሱ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋም ከጭንቅላቱ ጋር የተጣበቀች ትንሽዬ ነገር ስለሆነች ውርጭ የሚነክሰው አያገኝም። ድሮ በሠፈሩ ጓሮ ሁሉ ነበሩ። ቶሎ ቶሎ የሚጥለው የእርባታ ዶሮ ሲመጣ ሰው ሁሉ እነዚህን እያረደ ጨረሳቸው፤ አሁን የቀሩት እኛ ጓሮ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አንቺም ታውቂዋለሽ። የምለው ነገር ስለከበደኝ ነው ዙሪያውን የምዞረው።

የመጀመሪያውን ብርድሽን ታስታውሻለሽ? ገና ሙሽራ ነበርሽ። «እማዬ፣ እነዚህ ፍጥረቶች እኮ በብርድ ማለቃቸው ነው» ብለሽ በጣሪያው ሥር ያሉትን የነፋስ ቀዳዳዎች በሙሉ በቁርጥራጭ ጨርቅሽ ወተፍሻቸው። ጠዋት በሩን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ያንጠባጥባል፤ ላባቸው ረጥቧል። ጨርቁን እየመነጨቅሁ «አንቺ ልጅ፣ ዶሮ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የገዛ ትንፋሹ ነው! እርጥበቱ ይውጣበት!» እያልኩ ጮህኩብሽ። አለቀስሽ። ተምራለች ስል፣ ምክሬን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ለአውራ ዶሮው ሰደርያ ሰፋሽለት። ያውም በቁልፍ! ሴቶቹ ገና ሲያዩት ተንጫጭተው ቆጥ ላይ ወጡ፤ እሱም በኀፍረት ይሁን በንዴት ግድግዳ እስኪመታው ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለታችንም በሳቅ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልን። ለብቻዬ ስሆን አሁንም ያስቀኛል።

ደንባችን እንደሆነ ያው ነው። ካፖርቶች ከእናት ወደ ልጅ አይሄዱም፤ ከአማት ወደ ምራት ነው የሚሄዱት። አንዴ ከሰጠች በኋላ አማት እንኳን ዶሮ ልታርድ፣ እንቁላል ለማንሳትም ታስፈቅዳለች። አማቴ አውራውን ብብቴ ሥር አስገብተው «እንግዲህ ያንቺ ናቸው፤ እኔ እንግዳ ነኝ» አሉኝ። እኔም ላንቺ ይህንኑ ቃል አልኩሽ። ከዚያ በኋላ የትኛዋ እንደምትታቀፍ፣ የማን እንቁላል እንደሚቀመጥ የምትመርጪው አንቺ ሆንሽ። እኔ ትልቋን እያየሁ ነበር የምመርጠው። አንቺ ግን ውርጭ ባደረበት ጠዋት ከቆጥ ቀድማ የምትወርደውን ታያለሽ። መጀመሪያ የልጅ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዓመት ዓመት ግን ጫጩቶቹ እየጠነከሩ መጡ፤ ያንቺ ዓይን ከኔ ዓይን በለጠ። ይህን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም፤ አማት ነኛ!

ከዚያ የሆነው ሆነ። ያንቺንና የልጄን ነገር አልቆሰቁስም፤ ሆድ ይፍጀው። የስፌት መኪናሽንና ሻንጣሽን ታክሲ ላይ ጭነሽ፣ በሩ ላይ ዞር ብለሽ «ዶሮዎቹን አደራ» አልሽኝ። እኔ የመሰናበቻ ቃል ነበር የመሰለኝ፤ ሰው ሲሄድ አንድ ነገር ማለት ስላለበት ብቻ የተባለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ ሊያገባ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ክፉ ሆና ባገኘኋት ብዬ ተመኝቼ ነበር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንዲሉ፣ የኔ ሕልም አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመለሺ ማየት ብቻ ነበር። ልጅቷ ግን ደግ ሆና አረፈችው። ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኝና መልሴን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ትሰማለች። በዚህም በጣም ተናደድኩ።

ባለፈው እሑድ ይዟት መጣ። ጓሮ ወጥተን ዶሮዎቹን እያየን ሳለ ልጄ ድንገት «እማዬ፣ ስጫት እንጂ! ደንባችን አይደል?» አለኝ። እኔም ሳላስበው አውራውን አነሳሁት። «እንግዲህ ያንቺ…» ብዬ ስጀምር ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ፈንጠር አለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የርስዎ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

«ታዲያ የማን ሊሆኑ ነው?»

«ለፊተኛዋ ሚስቱ ሰጥተዋት እንደነበር ነግሮኛል። መልሳልዎታለች?»

ልጄ ሳቀ። «ምን ነካሽ? ዶሮ እኮ ነው!»

«ዶሮማ ከሆነ ገበያ ሙሉ አለልህ» አለችው። «ይሄ የሰው ንብረት ነው።»

እጄን በአፌ እንዳልጭን ሁለቱም እጆቼ አውራውን ታቅፈዋል። ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት።

እውነቷን ነው። አልመለስሽልኝም። አደራ ነው ያልሽኝ። እኔ አሮጊቷ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ደንቡን ስጠብቅ ኖሬ፣ የሰጠሁትን ነገር ሁለተኛ ልሰጥ ነበር። ለልጄ ልጽፍልሽ መሆኔን ስነግረው «ተያት እማዬ፣ ቁስሏን አትነካኪባት» አለኝ። ልጄ ነው፤ እወደዋለሁ። በካፖርቶች ነገር ግን ወንድ ቃል ኖሮት አያውቅም።

ጥሬ የሚሸጥልን ሰውዬ ያንቺም ደንበኛ መሆኑን አጫውቶኛል። ከኋላው ጓሮ ያለው ቤት መከራየትሽን የሰማሁት ከሱ ነው። «ጓሮዋ ልብስ ከማስጫነት በስተቀር ለምንም አያገለግልም» አለኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዘሩ በአንድ ጓሮ ብቻ ተቀምጦ አንድ በሽታ ቢገባ በሳምንት ያልቃል፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ ቆጥ የምጠርገው ለስንት ጊዜ ነው?

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። በቅርጫት አውራውን፣ ጠበቃ ያልናትን ያቺን ጭቅጭቀኛ ዶሮና ሁለት ቄቦች ይዤ ነው የምመጣው። የአውቶቡሱ ረዳት ቢቆጣ የሱንና የጠበቃን ክርክር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የቀሩትን ለአዲሷ ልጅ ስጫት ካልሽኝ ባንቺ ስም እሰጣታለሁ፤ ወደፊትም አውራ ትለዋወጣላችሁ። አይሆንም ካልሽም መብትሽ ነው፤ እየተመላለስኩ ሁሉንም አመጣልሻለሁ። ልጅቷም «የሷን ቃል እጠብቃለሁ» ብላለች። ልጄን ይዛብኝ ትመጣለች ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ ብቻዬን ነው የምመጣው፤ እሱ እስከ ደጅሽም አይሸኘኝም።

ደግሞ ይህ ሁሉ ለዶሮ ብቻ እንዳይመስልሽ። ናፍቀሽኛል። ጠዋት ጓሮ ስወጣ የምጨቀጭቃት ሰው አጥቻለሁ። በፍቺያችሁ ጊዜ ዕቃው አንድ በአንድ ተነሳ፤ ቤቱ ለማን እንደሆነ ተወሰነ። እሱ ተጠየቀ፤ አንቺም ተጠየቅሽ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ እሱ ይፍታት እንጂ እኔ አልፈታትም እል ነበር።

አማትሽ