«ባለቤቴ» አልኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥርሴን በሰበረው ሰው ላይ ያቀረብኩት የካሳ ክስ ዛሬ ተሰማ። ጠበቃዬ ከጉርድ ሾላ ጀምራ ታክሲ ውስጥ «ባለቤቴ እንዳትዪ፣ ተከሳሽ በዪ» እያለች ስታስጠናኝ ነበር። ዳኛዋ «ማን መታሽ?» ሲሉኝ ግን «ባለቤቴ» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው! ምን ዓይነት ቃል ነው? ቤቱንም እኔንም ባንዴ ያስረክበዋል። እሱ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። ጠበቃው ወዲያው ብድግ ብሎ «ክብርት ዳኛ፣ አሁንም ባለቤቴ እያለችው ነው፤ በሽማግሌ ቢያልቅስ?» አለ። ለእርቅ ተብሎ ተቀጠረ።

እናቴ በስልክ ስነግራት «እሰይ! ሽማግሌ ይሻላል፣ ልጄ» አለችኝ።

ጥርሴ የተሰበረው እኮ ሽማግሌዎቹ አስታርቀው፣ መርቀውን የወጡ ዕለት ነው።